የሚበላ ጓሮ፣ የሚታይ ጓሮ፦ ከቪላንድሪ የአትክልት ቦታ ለቤት የሚተርፈው

ሰላጣ ዘርቶ የሚያውቅ ሰው ይህቺን ጠዋት ያውቃታል። ሰላጣው እንደ ጽጌረዳ ክብ ሠርቷል፣ የካሮቱ ቅጠል እንደ ላባ ተበትኗል፣ መደቡ "እዩኝ" ይላል። ልክ ያኔ ከማድ ቤት ጥሪ ይመጣል፤ ለምሳ ሰላጣ ተፈልጓል። አራት ራስ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ መደቡ የፊት ጥርሱ የወለቀ ሰው ይመስላል፤ በሳምንቱ ደግሞ ሌላ አራት ይሄዳል። አበባ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም፤ ነቅሎ የሚበላው የለም።

ብዙ ቤት ይህን የሚፈታው በመለያየት ነው። አበባው ከፊት ለፊት፣ ጎመኑ እንግዳ በማያየው ከኋላ። ግቢው ሰፊ ከሆነ ያስኬዳል። ያለችው አንዲት ቁራጭ መሬት ከሆነች ግን ወይ ትታያለች ወይ ትበላለች። ሁለቱንም መሆን ትችላለች? ይህን ጥያቄ ከ100 ዓመት በላይ በየወቅቱ ሲመልስ የኖረ አንድ ቦታ አለ፤ በፈረንሳይ አገር የሚገኘው የቪላንድሪ ግንብ የአትክልት ቦታ። ባለ ግንብ ነው፣ ባለቤቶቹም ባለጸጎች ነበሩ፤ "ታዲያ ለእኔ 24 ካሬ ሜትር ምን ይፈይዳል?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንዳንዱ ምንም አይፈይድም፤ እሱንም በቦታው አነሳዋለሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተመራማሪው የገዛው ግንብ

ቪላንድሪ ከቱር ከተማ በስተ ምዕራብ፣ የሼር ወንዝ ከሎዋር ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ያለ መንደር ነው። ግንቡን ያሠራው የንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንሷ የገንዘብ ሹም የነበረው ዣን ለብረቶን ሲሆን ሥራው የተጠናቀቀው በ1536 ገደማ ነው። በቦታው የነበረውን የጥንት ምሽግ ሲያፈርስ ዋናውን የድንጋይ ማማ ብቻ አስቀረው። በ1189 የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ ለፈረንሳዩ ፊሊፕ ኦጉስት ሽንፈቱን የተቀበለው በዚያ ምሽግ ነው፤ ከቀናት በኋላም ሞተ። እኔ ማማውን ያነሳሁት ግን ለነገሥታቱ ብዬ አይደለም። ጎብኚዎች የአትክልቱን ቦታ ከላይ ወደ ታች የሚያዩት ከእሱ ላይ ነው፤ ይህ "ከላይ ማየት" የሚባል ነገር ለጉዳያችን ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በኋላ ይገባናል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቀድሞው የአትክልት ቦታ ጠፋ። ጊዜው የእንግሊዝ መናፈሻ ፋሽን የነገሠበት ነበር፤ ሰፊ ሣር፣ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ማንም ያልተከላቸው የሚመስሉ ዛፎች። በ1906 ቦታውን የገዙት ባልና ሚስት ያገኙት ይህንኑ ነው። ባልየው ጆአኪም ካርቫሎ ስፔን የተወለደ ሐኪምና ተመራማሪ ሲሆን ፓሪስ ውስጥ በሻርል ሪሼ ቤተ ሙከራ ይሠራ ነበር፤ ሪሼ በ1913 በሕክምና የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው ነው። ሚስቱ አን ኮልማን ከሀብታም ቤተሰብ የመጣች አሜሪካዊት ናት። የተገናኙትም እዚያው በሳይንሱ መንደር ነው። ካርቫሎ ምርምሩን እርግፍ አድርጎ ትቶ ዕድሜውን ለዚህ ቦታ ሰጠ።

አስተሳሰቡ ቀላል ነበር፤ ለቀጥተኛ ግንብ ጠመዝማዛ መናፈሻ አይሄድለትም። ስለዚህ የ16ኛው ክፍለ ዘመን አርክቴክት ዣክ አንድሩዌ ዱ ሴርሶ የቀረጻቸውን ሥዕሎችና የጥንት ገዳማትን የአትክልት ቦታ ንድፎች እያመሳከረ ከ1908 እስከ 1918 ባለው ጊዜ ውስጥ መናፈሻውን ወደ ቀጥታ መስመርና ወደ አራት ማዕዘን መለሰው። ዛሬ የሚታየው እንግዲህ የ16ኛውን ክፍለ ዘመን ልብስ የለበሰ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል። እኔን ደስ ነው የሚለኝ፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ አስቦ፣ ከባዶ የነደፈው ነገር ከሆነ ነዳፊውን "ለምን እንዲህ አደረግህ?" ብሎ መጠየቅ ይቻላላ።

ቦታው በደረጃ የተከፈለ ነው። ከላይ የውሃው፣ ከመሐል በተከረከመ ቁጥቋጦ የተሳለው የጌጥ ቦታ፣ ከታች የአትክልቱ። የመጀመሪያውና ትልቁ ውሳኔ እዚህ ላይ ነው። አትክልቱ ከአጥር ኋላ አልተደበቀም፤ በግንቡና በመንደሩ መካከል፣ ከሁሉም አቅጣጫ በሚታይ ቦታ ተዘርግቷል። ለማነጻጸር ያህል፣ በቬርሳይ ከ1678 እስከ 1683 የተሠራው የንጉሡ የአትክልት ቦታ ከቪላንድሪው እጅግ ይሰፋል፤ ግን በግንብ ተከቦ ለብቻው ነው የተቀመጠው። የቬርሳዩ የንጉሡን ገበታ ሲያገለግል የቪላንድሪው መስኮቱን ያገለግላል።

ዘጠኙ አራት ማዕዘኖች

የአትክልቱ ቦታ 1 ሄክታር ገደማ ነው። በስፋታቸው እኩል የሆኑ ዘጠኝ አራት ማዕዘኖች አሉት፤ የእያንዳንዱ የውስጥ ንድፍ ግን ይለያያል። አንዱ በመስቀል ይከፈላል፣ ሌላው እንደ ገበጣ ሰሌዳ ይሸነሸናል፣ ሌላው እርስ በርስ የሚገቡ ማዕዘኖችን ይሠራል። መስመሩን የያዘው ዝቅ ተደርጎ የሚከረከም ቡክሰስ የተባለ ሁልጊዜ አረንጓዴ ቁጥቋጦ ነው። ከዳር በኩል በሽቦ ላይ ተዘርግተው የሚያድጉ ድንክ የፖም ዛፎች አሉ። በመደቦቹ ውስጥ በአንድ ግንድ ቀጥ ብለው የቆሙ ጽጌረዳዎች አሉ፤ በቦታው አፈ ታሪክ አትክልታቸውን የሚኮተኩቱ መነኮሳትን ይወክላሉ ይባላል። መንገዶቹ በሚገናኙበት ፏፏቴና ዳስ አለ፤ ይህ ከጣልያን የመጣ ልማድ ነው። አራት ማዕዘኑና መስቀሉ የገዳም፣ ውሃውና ዳሱ የጣልያን፤ ካርቫሎ ሁለቱን አጋባቸው።

እስካሁን የቆጠርኩትን መለስ ብላችሁ እዩት። ቡክሰስ፣ ፖም፣ ጽጌረዳ፣ ፏፏቴ፣ ዳስ፣ መንገድ። አንድም ጎመን አልጠራሁም። ከፖሙ ፍሬ በቀር ከእነዚህ አንዱንም ነቅሎ ወደ ማድ ቤት የሚወስድ የለም። በእኔ አስተያየት የቪላንድሪ ምሥጢር ያለው እዚህ ነው፤ ቋሚው ነገር ውበቱን ተሸክሞ ስለሚይዝ አትክልቱ እንደልቡ ሊመጣና ሊሄድ ይችላል። ጎመኑ ቢነቀልም አራት ማዕዘኑ አራት ማዕዘን ነው። ኅዳር ላይ መደቡ ባዶውን ሲቀር የሚታየው የተራቆተ አፈር ሳይሆን በአረንጓዴ መስመር የተከበበ ቡናማ ሰሌዳ ነው፤ ደግሞም ያምራል።

የቤት ጓሮ የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ በዚህ ተቃራኒ ነው። ሰው ንድፉን በአትክልቱ ይጀምራል። ቲማቲም እዚህ፣ ቃሪያ እዚያ፣ ቆስጣ ከጎኑ ብሎ ይተክላል። ሁለት ወር ያምራል። አሥር ወር የሰፈራ ጣቢያ ይመስላል።

ቅጠል እንደ ቀለም

ቪላንድሪን በሥዕል ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ቀለሙን ነው። የባሮ ሽንኩርት ሰማያዊ ግራጫ፣ የቀይ ጥቅል ጎመንና የቀይ ሥር ወይን ጠጅ፣ የካሮት ቅጠል ደማቅ ለጋ አረንጓዴ። በአንድ ወቅት የሚተከለው 40 ያህል የአትክልት ዓይነት ነው፤ ነገር ግን ዝብርቅርቅ አይልም። ምክንያቱ አንድ ክፍል አንድ አትክልት ብቻ መያዙ ነው። ባሮ ሽንኩርት ከሆነ ክፍሉ ሙሉ ባሮ ሽንኩርት፣ ከጎኑ ያለው ክፍል ሙሉ ቀይ ሥር። ዓይን አንድ አንድ ተክል አይቆጥርም፤ ምንጣፍ ያያል።

ሌላው ብልሃት ቀለሙ ከቅጠል መምጣቱ ነው። አበባ ለሁለት ሦስት ሳምንት ያበራና ይጠወልጋል። የቀይ ጥቅል ጎመን ቅጠል ግን ከችግኝነቱ እስከሚቆረጥበት ቀን ድረስ ያንኑ ቀለም ይዞ ይቆያል፤ ቀኑ ሲበርድ እንዲያውም ይጠቁራል። አበባ የሌለበት የአትክልት ቦታ ለዓይን ይደክማል የሚል ካለ መልሱ እዚያ አለ። ቪላንድሪ በየአራት ማዕዘኑ ዙሪያ አበባ ይጨምራል፤ አበባው ግን የጨርቁ ጥልፍ እንጂ ጨርቁ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጥቁር ቀይ ቅጠል ከርቀት ይሸሻል፤ በጥላ ውስጥ ደግሞ አፈር መስሎ ይጠፋል። ቪላንድሪ ላይ ቀዩ የሚጮኸው ከጎኑ ለጋ አረንጓዴ ስላለና መንገዱ ፈካ ያለ ስለሆነ ነው። ቀይ ቆስጣን ከግድግዳ ጥላ ሥር፣ ጥቁር አፈር ላይ ብቻውን የተከለ ሰው ገንዘቡን ቀበረ ማለት ነው።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ

ተከላው በዓመት ሁለት ነው። በፈረንሳይ ጸደይ የሚተከለው ከመጋቢት እስከ ሰኔ፣ በበጋቸው የሚተከለው ከሰኔ እስከ ኅዳር መሬት ላይ ይቆያል። በእነዚህ ጊዜያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ችግኝ ይተከላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት አጭር ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው በችግኝ ቤት አድጎ ይጠብቃል። ንድፉ እያንዳንዱን ወቅት ከወረቀት ይጀምራል፤ ቡክሰሱ ባለበት ይቆማል፣ የሚሞላው ይለዋወጣል።

በዚህ ላይ የሰብል ማፈራረቅ ግዴታ ይመጣል። 40ዎቹ አትክልቶች በስምንት የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባሉ፤ አንድ ቤተሰብ በቆመበት መሬት ላይ በተከታታይ አይተከልም፤ ዙሩ የሦስት ዓመት ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቤተሰቦች ከአፈር የሚወስዱት ይለያያል፤ ጎመን ናይትሮጅን ይበላል፣ አተርና ባቄላ ግን በሥራቸው ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆነው ከአየር ያስገባሉ። ሁለተኛ፣ በሽታ ወዳጁን ያውቃል። የጎመን ሥር የሚያሳብጠው በሽታ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ መቆየት ይችላል፤ በየዓመቱ ጎመን ማምጣት እሱን መቀለብ ነው።

እዚህ ላይ ንድፍና እርሻ ይጋጫሉ። ነዳፊው "ይህ ማዕዘን ቀይ ይሁን" ብሎ ቀይ ጥቅል ጎመን ተከለ እንበል። በሚቀጥለው ዓመት ጎመን እዚያ አይፈቀድም። ቀዩስ ምን ይሁን?

ቪላንድሪ ሥዕሉን በየወቅቱ እየለወጠ ያልፈዋል፤ ለዚህ የሚሆን ጊዜና ሰው አለው። ለቤት ጓሮ ግን ከዚህ የሚወጣ አንድ ዘዴ አለ፤ ከጠቅላላው ጉዳይ እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው። ወረቀቱ ላይ "ጎመን" ወይም "ቀይ ሥር" ብላችሁ አትጻፉ፤ "ቀይ"፣ "ሰማያዊ ግራጫ"፣ "ለጋ አረንጓዴ"፣ "ረጅም" ብላችሁ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ቦታ ከተለያየ ቤተሰብ የመጡ ሁለት ሦስት ተረኞች ይኑሩት። ለቀዩ በአንዱ ዓመት ቀይ ጥቅል ጎመን፣ በሌላው ቀይ ሥር ወይም ባለ ቀይ ዘንግ ቆስጣ (ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ አትቀያይሯቸው)፣ በሦስተኛው ቀይ ሰላጣ። ለሰማያዊ ግራጫው ባሮ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ ግራጫማ ጎመን፣ ቀጥሎ አርቲቾክ (እምቡጡ የሚበላ ተክል)። ለጋ አረንጓዴው በካሮት፣ በሰላጣ፣ በአተር ይዞራል። ለረጅሙ ቲማቲም በእንጨት ላይ፣ ከዚያ ፎሶሊያ፣ ከዚያ ወደ ላይ የሚሳብ ዱባ። መሬቱ በየዓመቱ ይፈራረቃል፣ ሥዕሉ ግን ባለበት ይቆያል።

አንድ ቀን ብቻ የምትወስድ ሥራ ናት፤ ለዓመታት ታገለግላለች።

ከቪላንድሪ የማይወሰደው

አሁን ወደ ማማው ልመለስ። የቪላንድሪ ንድፍ የተሠራው ከላይ ለሚያይ ዓይን ነው። ከግንቡ መስኮት፣ ከእርከኑ፣ ከማማው ላይ ሲታይ ዘጠኙ ሰሌዳዎች ይነበባሉ። ወርዶ መሐላቸው የቆመ ሰው ግን የንድፉን ትንሹን ክፍል ነው የሚያየው፤ የሚያየው የቁጥቋጦ ጠርዝና የቅጠል ግድግዳ ነው። ቤታችሁ ፎቅ ከሆነና ጓሮው ከመስኮት ሥር ከሆነ ከቪላንድሪ ንድፍ መቅዳት ትችላላችሁ። ምድር ቤት ከሆነ ግን መስቀልና ኮከብ መሬት ላይ መሳል ድካም ነው፤ ማንም አያየውም። በዓይን ደረጃ ለሚታይ ጓሮ የሚናገረው ከፍታ ነው። የወይን ዳስ፣ የፎሶሊያ ጎጆ፣ በሽቦ ላይ የተዘረጋ የፍሬ ዛፍ፣ ባለ አንድ ግንድ ጽጌረዳ። ዳሱንና ጽጌረዳውን ውሰዱ፣ ገበጣውን ተዉት።

ቡክሰሱንም እንዲሁ። ቅጠሉ የሚበላ አይደለም፣ መርዛማም ነው፤ በዓመት ደጋግሞ መከርከም ይፈልጋል፤ ሥሩ ከአትክልቱ ጋር ይሻማል፤ ከሥሩ ያለው ጥላና እርጥበት ቀንድ አውጣ ይጠለልበታል። በዚያ ላይ የራሱ ጠላቶች አሉት። ቅጠሉን የሚያራግፈው የፈንገስ በሽታ ብዙ የአውሮፓ የአትክልት ቦታዎችን አጥቅቷል፤ ከምሥራቅ እስያ የመጣው የቡክሰስ እሳት እራት ደግሞ ከ2007 ወዲህ በአህጉሩ ተስፋፍቷል። ታሪካዊ ግንብ ይህን ይታገላል፤ የቤት ጓሮ ግን የሚታገልበት ምክንያት የለውም።

ሦስተኛው የሰው ጉልበት ነው። ቪላንድሪ በጠቅላላው 10 ያህል አትክልተኞች አሉት። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ በኬሚካል አይሠሩም፤ አረሙ በእጅና በመኮትኮቻ ይነቀላል፣ ተባዩን የሚበሉ ነፍሳት ይረዳሉ። አንድ ሰው ከሥራ መልስ በሚያገኛት ሰዓት ይህን የሚመስል ጥራት አይጠብቅ። ጠብቆ ያዘነ ሰው አይቻለሁ፤ በሁለተኛው ወቅት ሁሉንም አርሶ ሣር ዘራበት።

በመጨረሻም የምርቱ ጉዳይ አለ፤ የተነሳንበት ጥያቄ። እውነቱን ለመናገር ቪላንድሪ ጥያቄውን የሚመልሰው ግማሹን ነው። እዚያ የሚተከለው በዋናነት ለመታየት ስለሆነ የሚነሳው ወቅቱ ሲያልቅ በጅምላ ነው። ቤት ያለ ሰው በየቀኑ ይቆርጣል። ስለዚህ ማዕቀፉንና ቀለሙን ከቪላንድሪ ወስደን የአቆራረጡን ሥርዓት ራሳችን መፍጠር አለብን።

በ24 ካሬ ሜትር ላይ ሲሞከር

ቁጥር ሲገባበት ነገሩ ስለሚጠራ አንድ ቦታ እናስብ፤ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ በአንድ ረጅም ጎኑ አጥር ያለው። መደቦቹ ስድስት ናቸው፣ በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት፤ እያንዳንዱ 1.5 በ1.2 ሜትር። 1.2 ያልኩት ከሁለት በኩል እጅ ዘርግቶ መሐሉን ለመንካት የሚመቸው ወርድ ስለሆነ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሰው መደቡን ይረግጣል። በሁለቱ ረድፎች መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ዋና መንገድ፣ በመደቦቹ መካከል 50 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ፣ በረጅሙ ዳር 50፣ በአጭሩ ዳር 25።

ሲደመር የሚተከለው መሬት 10.8 ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ ከግማሽ በታች። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ይደነግጡና መንገዱን ያጠባሉ። አታጥቡት። መንገዱ የሥዕሉ መስመር ነው፤ ፈካ ባለ ጠጠር ወይም በጡብ ከተሸፈነ መደቡ ባዶ ሲሆን እንኳን ጓሮው ተሠርቶ ይታያል። አርባ ሳንቲ ሜትር የሆነ መንገድ ደግሞ ቆስጣው ሲያድግ ይዋጣል፤ ባልዲ ይዞ የሚያልፍ ሰው እግሩ በጤዛ ይርሳል።

ቀጥሎ ጠርዙ። በቡክሰሱ ቦታ የሚበላ ጠርዝ ይግባ፤ ጦስኝ፣ ቀጭኑ ቅጠል ሽንኩርት፣ ፓርስሊ፣ እንጆሪ። ስድስቱንም መደብ ዙሪያቸውን ልክበብ ካላችሁ ዙሪያው 32.4 ሜትር ይመጣል፤ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት 160 ያህል ችግኝ ነው። በዚያ ላይ ጠርዙ ከየጎኑ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ስለሚወስድ ከ1.2 ሜትሩ ለአትክልት የሚተርፈው 80 ወይም 90 ነው። በእኔ ግምት ዋጋ የለውም። ጠርዙን በዋናው መንገድ በሁለቱ ጎን ብቻ አድርጉት፤ 9 ሜትር፣ 45 ችግኝ። ዓይን የሚሄደው በዚያ መንገድ ነው፤ የቀረውን ዙሪያ እንጨት ወይም ጡብ ይያዘው። አንድ ዓይነት ተክል ይሁን፤ የተቀላቀለ ጠርዝ መስመር አይሆንም። ቅጠል ሽንኩርት ከሆነ ሁለት ሦስት ቁጥቋጦ ገዝቶ በየዓመቱ እየገነጠሉ ማብዛት ይቻላል፤ ጦስኝም ከቅርንጫፉ ይባዛል፤ 45ቱን በአንድ ጊዜ መግዛት አያስፈልግም።

ከአጥሩ ጋር ሽቦ ወጥሮ የፍሬ ዛፍ ወይም ወይን መዘርጋት። ዋናው መንገድ በሚያልቅበት አንድ ነገር ይቁም፤ ዳስ፣ የውሃ ገንዳ፣ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ የተተከለ ሎሚ። ቪላንድሪ በየመገናኛው ፏፏቴ ያኖረው በከንቱ አይደለም፤ መንገድ የሚያደርስበት ከሌለው ዓይን ይንከራተታል።

አሁን ነው አትክልቱ የሚመጣው። ስድስቱ መደቦች ሦስት ጥንድ ናቸው፤ ለሦስት ዓመቱ ፈረቃ ይመቻሉ። ጥንዶቹን በመንገዱ ግራና ቀኝ ትይዩ አድርጓቸው፤ ግራው ቀይ ከሆነ ቀኙም ቀይ። ይህቺ ቀላል መመሳሰል ብቻዋን ጓሮውን "የታሰበበት" ታስመስለዋለች።

የአንድ ክፍል አንድ አትክልት ሕግ ግን እዚህ ችግር ይፈጥራል። በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት አንድ መደብ 20 ራስ ሰላጣ ይይዛል፤ ጥንዱ 40። አርባ ሰላጣ በአንድ ሳምንት ሲደርስ ቤተሰቡ ጥንቸል መሆን አለበት። ስለዚህ ሙሉ መደብ የሚሰጠው ቅጠል በቅጠል ለሚበሉት ነው፤ ለቆስጣ፣ ለጎመን፣ ለፓርስሊ። ከእነዚህ የውጪ ውጪው ቅጠል ከየተክሉ ሁለት ሁለት ቢሸመጠጥ መደቡ ምንም እንዳልተነካ ይቆማል፤ ከአንድ ተክል በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አለመውሰድ ነው። 20 የቆስጣ ተክል ያለው መደብ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢለቀም ለወራት ቀለሙን አይለቅም።

ሰላጣ፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር ግን ሲሄዱ ሙሉ ነው የሚሄዱት። ለእነዚህ ሁለት መላ አለ። አንደኛው ከዓይን ራቅ ያለውን ጥንድ መስጠት፣ ከመንገዱ መግቢያ ሳይሆን ከመጨረሻው። ሁለተኛው አዘራሩንና አቆራረጡን መቀየር ነው። ሰላጣውን በ30 ሳንቲ ሜትር መስመሮች ላይ፣ በመስመሩ ውስጥ ግን በ15 ሳንቲ ሜትር ጠበቅ አድርጎ ተክሎ፣ ገና ለጋ እያለ አንዱን እየዘለሉ አንዱን መንቀል። የቀረው በ30 ርቀት ይሆንና በሁለት ሳምንት ውስጥ ክፍተቱን ይሞላዋል። ቤቱ ለጋ ሰላጣ በላ፣ መደቡም ጥርሱ አልወለቀም። ካሮትም ሲሳሳ እንዲሁ ነው፤ ከዳር ጀምሮ ሙልጭ አድርጎ ከመሄድ ከየመስመሩ ትልልቁን እየመረጡ ማውጣት።

ያም ሆኖ ክፍተት መምጣቱ አይቀርም። ለእሱ የቪላንድሪን ችግኝ ቤት በትንሹ መቅዳት ነው፤ ከፎሶሊያው ጎጆ ኋላ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ሁልጊዜ 12 ያህል ችግኝ በትናንሽ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። አራት ራስ ሰላጣ የቆረጠ ሰው እጁን ሳይታጠብ አራት ችግኝ ይዞ ይመለስ። ችግኙ ከዚያው ቀለም ተረኞች አንዱ ይሁን፣ ቤተሰቡ የፈለገው ቢሆንም፤ ለአንድ ወቅት ጉድጓድ መሙያ ማፈራረቁን አያፈርሰውም። ማታ ማታ ነው መትከል ያለበት፤ ቀትር ላይ የተተከለ ችግኝ በማግስቱ አንገቱን ደፍቶ ያሳፍራል።